ጥይቱ ያልደረሰበት ቤት፦ ጦርነት በቅርብ ሲሆን አእምሮን መጠበቂያ መንገድ

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴ ስትያዝ አክስቴ እዚያው ነበረች። እኛ አዲስ አበባ ነን። ቤታችን ላይ አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ታክሲው ይሠራል፣ ሱቁ ክፍት ነው፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። እናቴ ግን ምጣዱን ጥዳ ትረሳውና ስልኳን ይዛ በረንዳ ላይ ትቆማለች። ወንድሜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቴሌግራም ሲያይ ያድራል። እኔ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ድው ይላል። ማናችንም ግን «አሞኛል» አላልንም። ምን ብለን እንበል? ጦርነቱ ያለው እነሱ ጋ ነው፤ እኛ ደህና ነን።

ደህና አልነበርንም። ይህን ለመቀበል ወራት ፈጀብን። ይህ ጽሑፍ ያኔ ማንም ያልነገረንን ነገር ለሚፈልግ ቤት ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ጎንደር ወይ መቀሌ ዘመድ ላለው። መተማ ዮሐንስ ሆኖ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው የሚገቡትን ለሚያይ። ዋሽንግተን ወይ ዱባይ ሆኖ በሥራ እረፍቱ የማይነሳ ስልክ ለሚደውል። ጦርነቱ ውስጥ የለም፤ ከጦርነቱም አልራቀም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ይህ ስሜት ቅብጠት አይደለም፣ የእምነት ማነስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ቦስተን ከተማ የማራቶን ውድድር ላይ ቦምብ ፈንድቶ ነበር። ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ ከ4,600 በላይ አሜሪካውያንን ጠየቁ። በዚያ ሳምንት በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የፍንዳታውን ዜና ሲከታተሉ የከረሙት፣ ቦታው ላይ ከነበሩት ሰዎች የባሰ የጭንቀት ምልክት አሳዩ። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2022 ዩክሬንን ስትወርም በ17 የአውሮፓ አገሮች ያሉ ከ1,300 በላይ ሰዎች ስሜታቸው በየቀኑ እየተመዘገበ ነበር። ወረራው በተጀመረበት ቀን የብዙዎቹ ስሜት ባንዴ ወረደ። ጦርነቱ ማኅበራዊ ሚዲያውን በሞላበት ቀን ደግሞ ይበልጥ ይወርድ ነበር። አብዛኞቹ ያኔ ያሉት ቦምብ በማይሰማበት አገር ነው።

ስለዚህ ጦርነት ወደ ሩቅ ቤት የሚገባው በሁለት በር ነው። አንዱ ስልኩ ነው። ሌላው መጠበቅ ነው። ጦርነቱን ማስቆም አንችልም፤ የሚገባበትን በር ግን ሥርዓት ማስያዝ እንችላለን።

አንደኛ፦ የሚሰማችሁን በስሙ ጥሩት

አንድ ወረቀት ውሰዱና ባለፈው ሳምንት ሰውነታችሁ ላይ ያያችሁትን ጻፉ። እንቅልፍ እምቢ ማለት። ሆድ ባር ባር ማለት። ራስ ምታት፣ የጨጓራ መቆጣት፣ ምግብ አልዋጥ ማለት። በትንሽ ነገር ልጅ ላይ መጮህ። ርችት ሲተኮስ ወይም የመኪና ጎማ ሲፈነዳ መበርገግ። ሥራ ላይ አንድ መስመር አራቴ ማንበብ። ምንም አለመሰማትም አለ፤ ሰው ሲያለቅስ እያዩ ደረቅ ብሎ መቅረት። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ አእምሮ ሲበዛበት አንዳንዴ እንዲህ ይዘጋል።

ብዙዎቻችን «ጨጓራዬን» ብለን ክሊኒክ ሄደን «ስለ ጦርነቱ ሳስብ ነው የሚብሰኝ» ሳንል እንመለሳለን። ስለዚህ ከምልክቱ አጠገብ መቼ እንደሚብስ ጻፉ። እኔ ስጽፍ ያገኘሁት ነገር ገረመኝ። የሚብሰኝ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነበር፤ ተኝቼ ስልክ በማይበት ሰዓት።

ሁለተኛ፦ ዜናን እንደ መርዶ ተቀበሉት

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ነው።

ወላጆቻችን ክፉ ወሬ እንዴት ቤት እንደሚገባ ያውቁ ነበር። መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። መጀመሪያ ወሬው እርግጥ መሆኑ ይጣራል። ከዚያ የቅርብ ዘመድና ጎረቤት በድብቅ ይሰማል። ሰዓት ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው አንድ ሌሊት ተኝቶ ካደረ በኋላ። ነፍሰ ጡር ካለች ወይ የታመመ ካለ ይታሰብበታል። ሽማግሌ ይገባል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ደግፎ የሚይዝ አጠገብ ይቆማል። ከዚያ ነው የሚረዱት። በዚያች ጠዋት እንዴት እንደሞተ በዝርዝር የሚተርክም የለም።

ስልኩ ይህን ሁሉ አፈረሰው። ሰፈራችን ያለች አንዲት ሴት የወንድሟን ሞት ያወቀችው ታክሲ ውስጥ ነው፤ ፌስቡክ ላይ ከወጣ ፎቶ። መርዶ ነጋሪ የለ፣ ደጋፊ የለ፣ አጠገቧ የማታውቀው ሰው ተቀምጧል። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» እያለ ይጮኻል። ያንን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ፎቶውን የለጠፈው ሰው ማን እንደሚያየው ለአንድ ደቂቃ አስቦ ቢሆን እላለሁ።

እኔ የማደርገው ያንን የመርዶ ሥርዓት ለዕለት ዜና መመለስ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ሰዓት ስጡት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። አንዱ ረፋድ ላይ፣ አንዱ ከሥራ መልስ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የጦርነት ዜና አይከፈትም፤ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱም አይከፈትም። ተኝታችሁ አትዩ፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን አልጋ የእንቅልፍ ቦታ ሆኖ ካልቀረ ሰውነት ማታ መተኛት ይረሳል።

ሰው አስቀምጡለት። ብቻችሁን አትዩት። ከእህት፣ ከባል፣ ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ ተመልከቱና ከዚያ ሁለት ቃል ተነጋገሩበት። ውጭ አገር ብቻውን የሚኖር ሰው ለዚህ አንድ ጓደኛ ይምረጥ፤ «ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት አብረን እንየው፣ ከዚያ እንዝጋው» ብሎ ይዋዋል።

አንድ ወሬ ተቀባይ መድቡ። በእኛ ቤት ይህ ሥራ የወንድሜ ሆነ፤ እንቅልፍ ካጣ ወዲያ ደግሞ በየሳምንቱ ተፈራረቅንበት። ሌላው ሰው ግሩፖቹን ሚዩት ያደርጋል። የሰፈር ደኅንነትን የሚነካ ነገር ካለ ተረኛው ደውሎ ይናገራል። «ካላየሁ ያመልጠኛል» የሚለው ጭንቀት የሚቀለው እንዲህ ሲሆን ነው። አያመልጣችሁም፤ የሚጠብቅላችሁ ሰው አለ።

እርግጥነቱን ጠይቁ። ማን አለ? ቦታው የት ነው? መቼ ነው? ቪዲዮው የዛሬ ነው ወይስ ከሦስት ዓመት በፊት የሌላ አገር? ለእነዚህ መልስ ከሌለ ወሬው ገና መርዶ አልሆነም። አሳድሩት። ሰው «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለው ለዚህ ነው። በጦርነት ጊዜ ማታ የሚነድ ወሬ ጠዋት ውሸት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። እናንተ ግን ሌሊቱን ከፍላችሁበታል።

ምስሉን ዝጉ። ማንበብና ማየት አንድ አይደለም። ጽሑፍ ያሳዝናል፤ የሬሳ ቪዲዮ ግን ዓይን ሲጨፈን ይመለሳል። ቴሌግራም ላይ «ሴቲንግ» ግቡ፤ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለው ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ማጥፊያ አለ። ፌስቡክም ቪዲዮ በራሱ እንዳይከፈት ማድረግ ይቻላል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለወላጆቻችሁም ስልክ አድርጉላቸው፤ እነሱ ማጥፊያው የት እንዳለ አያውቁም።

የመጨረሻው ነገር፤ የሞተ ሰው ፎቶ አታስተላልፉ። ለማንም። ታክሲ ውስጥ የምታየው እህት ትኖራለች።

ሦስተኛ፦ ስልክ ሲቋረጥ

ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ትግራይ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ አዲስ አበባም ውጭም ያሉ ብዙ ቤተሰቦች የእናትና የአባታቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ወራት አሳለፉ፤ አንዳንዱ ወደ ሁለት ዓመት። ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሌሎች ቤተሰቦች ያንኑ ቀመሱ። ቦታው ይለያያል፤ የማይነሳው ስልክ ድምፅ ግን አንድ ነው።

ፓውሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የጠፉ አብራሪዎችን ቤተሰቦች አጥንታ ነበር። ያየችው ነገር እኛ የምናውቀው ነው። ሰው ሞቶ ሐዘን መቀመጥ አንድ ነገር ነው። መኖሩም መሞቱም ሳይታወቅ መጠበቅ ግን ሌላ ነው። ድንኳን አይጣል፣ ሠልስት አይወጣ፣ ሰው «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አይል። ቤት ውስጥ አንዱ በልቡ አልቅሶ ጨርሷል፤ ሌላው «ደህና ነው» ብሎ ይማላል። ከዚያ ይጣላሉ። ጠባቸው ከጦርነቱ የመጣ መሆኑን ግን ሁለቱም አያዩትም።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ለመደወል ቀጠሮ ያዙ፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። በመካከል ስልኩን አስቀምጡት። በየአሥር ደቂቃው መደወል ስልኩን አይከፍተውም፤ እያንዳንዱ ያልተነሳ ጥሪ ግን ሰውነታችሁን አንድ ጊዜ ያስደነግጠዋል። ሁለተኛ፣ ለዚያ ሰው ደብተር ክፈቱ። ልትነግሩት የፈለጋችሁትን በየቀኑ ሁለት መስመር ጻፉለት። እናቴ መጻፍ ስለማትወድ እኔ ጻፍኩላት፤ «ዛሬ ሽሮ ሠራሁ፣ አንቺን አሰብኩ» አለች። ሦስተኛ፣ ማንንም «ቁርጡን እመኑ» ወይም «አታስቡ» አትበሉ። «ላይሆንም ይችላል፤ ቢሆንም አብረን እንሰማዋለን» በሉ። አራተኛ፣ በአቅራቢያችሁ ያለ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ተመዝገቡ። ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ የተለያዩ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል፣ አጭር የጽሑፍ መልእክትም ያደርሳል። ዘገየም ቢሆን፣ የሚደረገውን አድርጌያለሁ ብሎ መተኛት ይቻላል።

ስልኩ የተነሳ ቀን ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከደስታ ብዛት ጥያቄ እናዘንባለን። «ምን አየህ? ማን ሞተ? እነማን ናቸው ያደረጉት?» እንላለን። እዚያ ያለው ሰው በስልክ መናገር የማይችለው ነገር አለ፤ ለደኅንነቱም ጥሩ አይደለም። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ በልተሃል? የት ታድራለህ? ማን አለ አብሮህ? ከዚያ ዝም በሉ። እሱ የፈለገውን ያውራ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ቢያወራም ያውራ። ሳትዘጉ በፊት ቀጣዩን ጥሪ ቅጠሩ።

አራተኛ፦ ሰውነትን መያዝ

ልብ ድው ድው ሲል ምክር አይሰማም፤ ትንፋሽ ግን ይሰማል። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠራችሁ አስገቡ። እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። የሚያረጋጋው የረዘመው አወጣጥ ነው። አምስት ደቂቃ። ከዚያ እግራችሁን መሬት ላይ ጫኑና የምታዩትን፣ የምትሰሙትን፣ የሚሸታችሁን በስሙ ጥሩ፦ መጋረጃ፣ የውሻ ጩኸት፣ የሚቆላ ቡና። እዚህ ቤት፣ በዚህ ሰዓት መሆናችሁን ሰውነት እንዲያውቅ ነው። ቀላል ነው ብላችሁ አትናቁት። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንን የያዘ ሥልጠና ኡጋንዳ በተሰደዱ ወደ 700 በሚጠጉ የደቡብ ሱዳን ሴቶች አስፈትኖት ነበር። በድምፅ ቅጂና በሥዕል፣ በአምስት ቀጠሮ የሚሰጥ ነው። ጭንቀታቸውን ቀንሶላቸዋል። እነሱ ካሳለፉት ጋር የእኛ አይወዳደርም፤ መሣሪያው ግን ለእኛም ይሠራል።

ቡናን በተመለከተ፤ የቡናውን መሰብሰቢያ አታቋርጡ። በጭንቅ ጊዜ ከቡና ጠጡ የተሻለ መድኃኒት ጥቂት ነው። ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ሁሉንም ስንጨልጥ፣ ቡናው ራሱ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተቀመጡ፣ አውሩ፣ ፈንዲሻውን ብሉ፤ ስኒውን እለፉት።

ጫትና አረቄ ለዚያች ሰዓት ያስረሳሉ። በማግስቱ ግን ጭንቀቱ ወለድ ይዞ ይመጣል። ከጎረቤት የሚሰጥ የእንቅልፍ ክኒን ደግሞ በጣም ያሰጋኛል። ሳምንት ያስተኛል፣ ከዚያ ያለሱ መተኛት ያቅታል። ሐኪም ሳያዝ አትዋጡት።

በእግር ሂዱ፤ ግማሽ ሰዓት፣ በየቀኑ። ስለዚህ ሌላ የምለው የለም፤ ሂዱ ብቻ።

አምስተኛ፦ ልጆችና ሽማግሌዎች

ልጅ አይሰማም ብለን ቴሌቪዥኑን ከፍተን እናወራለን። ይሰማል። ያልገባውን ደግሞ በራሱ ይሞላዋል፤ የሚሞላው ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁት፦ «ስለ ጦርነት ምን ሰማህ?» የሰማውን ካወቃችሁ በኋላ ለዚያው ብቻ መልሱ። «እኛ ጋ ይመጣል?» ሲል «በፍጹም» ብላችሁ አትማሉ፤ ልጅ ውሸት ያሸታል። «አሁን እዚህ ደህና ነን። የሆነ ነገር ቢመጣ እኔና አባትህ የምናደርገውን እናውቃለን» በሉት። በእንጨት ጠመንጃ ቢጫወት አትደንግጡ፤ ልጅ የሚያስበው በጨዋታ ነው። ትልቅ ልጅ አልጋ ማርጠብ ከጀመረ ወይም ብቻውን አልተኛም ካለ አትቆጡት፣ አትግረፉት። ትምህርት ቤቱ፣ የእራት ሰዓቱ፣ የመኝታ ሰዓቱ እንደ ወትሮው ይሁን። ለልጅ ሰላም ማለት እሱ ነው።

ሽማግሌዎቻችን የተለዩ ናቸው። ቀይ ሽብርን ያዩ፣ ልጃቸው ታፍሶ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደባቸው፣ በ1990 የባድመ ጦርነት ሲነሳ ልጃቸውን የሸኙ ናቸው። ለእነሱ የዛሬው ዜና አዲስ አይደለም፤ የድሮው ቁስል ነው የሚቆስለው። አያቴ በ2014 ስኳርና ጨው በየከረጢቱ መደበቅ ጀምራ ነበር። እኛ «እማማ፣ ምን ሆነሻል?» እያልን አሳፈርናት። አሁን ብሆን አጠገቧ ቁጭ ብዬ «ያኔ እንዴት አለፋችሁት?» እላት ነበር። አንድ ጊዜ የጠየቅናት ቀን ሁለት ሰዓት አወራች፤ ያን ሌሊት ተኛች።

ስድስተኛ፦ አንድ ጊዜ ተዘጋጁና ዝጉት

ፍርሃት ሥራ ሲሰጡት ይቀንሳል። በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ፖላንድ ውስጥ ሰዎች ከኑክሌር አደጋ ስጋት የተነሳ የአዮዲን ክኒን ፍለጋ ፋርማሲዎችን ሲያጨናንቁ ነበር። እኛም በኅዳር 2014 ዘይትና ዱቄት ለመግዛት ተሰልፈናል። ሰውን አልወቅስም፤ ግን ሁሉም ሲሸምት ዋጋው ይንራል፤ ዋጋው ሲንር ፍርሃቱ ይጨምራል።

አንድ ቅዳሜ ምረጡ። መታወቂያ፣ የልደት ካርድ፣ የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃ ቅጂ በአንድ ላስቲክ ውስጥ አድርጉ። የዋና ዋና ሰዎችን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጻፉ። በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ካለ የተወሰነ ቀን መጠባበቂያ ይኑር። ትንሽ ጥሬ ገንዘብ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ። ብንለያይ የት እንደምንገናኝ ተነጋገሩ። ማታ ላይ ላስቲኩን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገቡና ለልጆቹ «ጨርሰናል» በሏቸው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አይከፈትም።

ሰባተኛ፦ የጎረቤትን በር አንኳኩ

በጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዲስ አበባ ውስጥ መሣሪያ ያለው እንዲያስመዘግብ፣ ነዋሪው በየሰፈሩ እንዲደራጅ ተባለ። ማታ ማታ ወጣቶች ዱላ ይዘው ይዞሩ ነበር። በዚያ ሰሞን ብዙ የትግራይ ተወላጆች ታሰሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ ይመስላል ብሎ ስጋቱን ገልጾ ነበር። በዚያ ሁኔታ ለነበረ ሰው «ትንፋሽህን ቆጥረህ ተረጋጋ» ማለት አይቻልም። የእሱ ፍርሃት በር ላይ የቆመ እንጂ በዜና የመጣ አይደለም። ይህ መመሪያ ለእሱ አይበቃም፤ ለእሱ የሚያስፈልገው አጠገቡ የሚቆም ሰው ነው።

ሌላውም ሰው ቢሆን በዚያ ጊዜ የሚያጣው ነገር አለ፦ ጎረቤቱን ማመን። «ማን ምን ያስባል?» እያሉ መኖር በጣም ያደክማል። ቢሮ ውስጥ ሰው ሲገባ ወሬ ይቋረጣል፣ ሰላምታ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሆን ብላችሁ አድርጉት። በር አንኳኩ፣ ቡና ጥሩ፣ ልጃቸው ሲታመም ጠይቁ። «አቋምህ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። በቤተሰብ ግሩፕ ላይ ዘር የሚሳደብ መልእክት ሲመጣ «እዚህ አይለጠፍ» የምትሉት እናንተ ሁኑ። አንድ ሰው እንዲህ ሲል ሌላው ይከተላል፤ አይቼዋለሁ።

ስምንተኛ፦ እጃችሁን አሠሩት

«እነሱ ሜዳ ላይ እያደሩ እኔ ሰርግ ልጨፍር?» የሚል ስሜት አለ። ብዙ ሰው ጥሩ ምግብ ሲበላ፣ ሲስቅ ይጸጸታል። ጸጸቱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን እናንተ መሳቅ በማቆማችሁ እዚያ የሚጠግብ ሰው የለም። ከሰርጉ አትቅሩ። ከሰርጉ ማግስት ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ። በዕድር ወይም በሰፈር ተፈናቃይ ለሚረዱ ሰዎች ብርድ ልብስ፣ የንጽሕና መጠበቂያ ወይም የወር አበባ ፓድ ስጡ፤ ፓዱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ደም ለግሱ፤ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። ውጭ ያላችሁ ከጩኸቱ ይልቅ ለአንድ ቤተሰብ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ላኩ። ትንሽ ይሁን፣ ሳይቋረጥ ይሂድ። አቅመ ቢስነት ሰውን ከሐዘን በላይ ያደክማል፤ የሚቀንሰውም የተጠናቀቀ ሥራ ነው።

ዘጠነኛ፦ ሐኪም ዘንድ መሄጃው መቼ ነው

ሐዘኑ ወይም ምንም አለመፈለጉ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ከቆየ። ቅዠቱ፣ መበርገጉ፣ ምስሉ እየተመለሰ ማስቸገሩ ከአንድ ወር ካለፈ። ሥራ መሥራት ወይም ልጅ መንከባከብ ካቃተ። መጠጡ ከበዛ። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅም። ያን የሚል ሰው ብቻውን አይተው፤ ወዲያው በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ካስፈለገ ሪፈር ይጽፋሉ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ዘውዲቱ፣ ቅዱስ ጳውሎስና የካ ኮተቤም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። አሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። «አማኑኤል ሄደ» የሚል ስም ስለምንፈራ ስንት ሰው ቤቱ ውስጥ ተሰቃይቷል። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት ግን በራሱ አያቋርጥ። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

በሥራቸው ምክንያት ይህን ሁሉ ማየት ግድ የሆነባቸው ሰዎች አሉ። ጋዜጠኞች፣ ቪዲዮ የሚያጣሩ፣ ቁስለኛ የሚቀበሉ ነርሶች። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ እንኳ፣ በሥራ ምክንያት በተደጋጋሚ የሚታይ ምስልን እንደ እውነተኛ አደጋ ይቆጥረዋል። እነሱ ምልክቱ እስኪመጣ ባይጠብቁ እመርጣለሁ።

ሲቆምም

ጥቅምት 23 ቀን 2015 የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። ታኅሣሥ 19 ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ መቀሌ መብረር ጀመረ። ሰው ሲተቃቀፍ፣ መሬት ላይ ሲወድቅ አየን። እናቴ በጦርነቱ ጊዜ አንድም ቀን አላለቀሰችም ነበር፤ ያንን አይታ ሦስት ቀን አለቀሰች። ሰውነት ብዙ ጊዜ የሚወድቀው አደጋው ካለፈ በኋላ ነው። «አሁንማ አለቀ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አትበሉ። ያዘጋጃችሁትን የዜና ሰዓት፣ የእግር ጉዞውን፣ የቡና ሰዓቱን ቢያንስ ለጥቂት ወራት አታፍርሱ።

አክስቴ ደህና ናት፤ ደሴ ቤቷ ተመልሳለች። እናቴ በየእሁዱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ትደውልላታለች። ስልኩ ቶሎ ካልተነሳ እናቴ አሁንም ተነስታ በረንዳ ላይ ትቆማለች። እኔ ያኔ ሁለት ወንበር አወጣለሁ።